የፒንቦል ማሽን ዕቅድ፦ ሥራው ከታችኛው ሲሶ ይነሳል

የዲዛይን ፕሮጀክታችሁ ፒንቦል፣ ማለትም በተዳፋት ሜዳ ላይ የብረት ኳስ እየመቱ ኢላማ የሚመቱበት የጨዋታ ማሽን ከሆነ መብራቱንና ሥዕሉን ለጊዜው ተዉት። ጨዋታውን ጨዋታ የሚያደርገው ኳሷ ከሁለቱ ፍሊፐሮች (ተጫዋቹ በቁልፍ እያዘዘ ኳሷን ከሚመታባቸው ክንዶች) የምትገናኝበት የሜዳው ታችኛ ሲሶ ነው።

በፋብሪካ ማሽኖች የተለመደው ሜዳ 51.5 በ107 ሴ.ሜ ገደማ ነው፤ ኳሷ 27 ሚ.ሜ ስፋትና 80 ግራም ክብደት አላት። ከአንድ 122 በ244 ሴ.ሜ ባለ 12 ሚ.ሜ ፕላይውድ አራት ሜዳ ስለሚወጣ አንዱን ለሙከራ መድቡት። ችፑድ ይቅርባችሁ፤ ቪሱ ሁለት ሦስቴ ከተፈታ በኋላ አይጨብጥም። ተዳፋቱ 6.5 ዲግሪ ይሁን፤ የላይኛው ጫፍ 12 ሴ.ሜ ያህል ከፍ ይላል ማለት ነው። ኳሷን ከአሮጌ ትልቅ ኩሽኔታ ለማውጣት መርካቶ ምናለሽ ተራ ከወረዳችሁ ካሊፐር (ስፋት መለኪያ) ያዙ። የዛገች ወይም የተቦረቦረች ኳስ ሜዳውን እንደ ሞረድ ትፍቀዋለች።

አሁን ፍሊፐሩ። ርዝመቱ 76 ሚ.ሜ፣ የሚወዛወዘው ወደ 50 ዲግሪ ነው። መጀመሪያ በካርቶን፣ በትክክለኛው መጠን ሥሩት። ኳሷን የሚያመጣው መሪ ሐዲድ ከተኛው ፍሊፐር ጋር አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሥራ፤ መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ደረጃ ካለ ኳሷ ትዘላለች፤ ከዘለለች ማነጣጠር የለም። ከፍሊፐሩ ጫፍ የተመታች ኳስ ወደ ተቃራኒው ጎን፣ ከሥሩ (ከመዞሪያው አጠገብ) የተመታች ወደ ፍሊፐሩ ራሱ ጎን ትሄዳለች። ስለዚህ ኢላማዎቹን በወረቀት ላይ አትወስኑ፤ ኳሷ በተግባር የደረሰችበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ።

ሱማሌ ተራ የሚገኘው የመኪና በር መቆለፊያ ለፍሊፐር አይሆንም፤ ውስጡ ሞተርና ጥርስ ስለሆነ ይዘገያል። ሲመታ የሚወድቅ ኢላማን መልሶ ለማንሳት ግን ይበቃል። ለፍሊፐሩ እውነተኛ ሶሌኖይድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲገባበት ብረት የሚስብ የሽቦ ጥቅል ያስፈልጋል።

ብዙ ፕሮጀክት የሚቃጠለው እዚህ ነው። 4 ኦም ጥቅል በ24 ቮልት 6 አምፔር፣ ማለትም 144 ዋት ይስባል፤ ተጫዋቹ ቁልፉን ተጭኖ ከቆየ ጥቅሉ ይነድዳል። በአርዱይኖ (በፕሮግራም በሚታዘዝ ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ) ለ40 ሚሊሰከንድ ያህል ሙሉ ጉልበት ስጡት፣ ከዚያ በፒደብልዩኤም (ኤሌክትሪኩን በፍጥነት እያበሩና እያጠፉ ጉልበቱን በመቀነስ) ለመያዝ ብቻ ወደሚበቃው አውርዱት። ከጥቅሉ ጎን 1ኤን4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ በአንድ ጫፉ ያለው ቀለበት ወደ ፖዘቲቭ ዞሮ ይታሰር፤ ያለ እሱ ሞስፌቱ (በአርዱይኖ ትእዛዝ ጥቅሉን የሚያበራና የሚያጠፋው ትራንዚስተር) ጥቅሉ በሚጠፋበት ቅጽበት ይሞታል። ከጌቱ (ከሞስፌቱ ትእዛዝ መቀበያ እግር) ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ካልገባ ደግሞ አርዱይኖው እስኪነሳ ፍሊፐሩ በራሱ ሊወዛወዝ ይችላል። መብራት ሄዶ በሚመጣበት ከተማ ይህን መዝለል አይቻልም። ለእያንዳንዱ ጥቅል የራሱ ፊውዝ ይኑረው።

ቀጣዩ ደረጃ ምልክት በተደረገባቸው ቦታዎች ኢላማና መወጣጫ መትከል ነው።