በዌስት ቨርጂኒያ 12 ኤከር የአደን መሬት ስገዛ የተማርሁት

መሬት በገንዘብ ሲገዛ አይቼ አላደግሁም። አያቴ «ርስት» ሲሉ ከአባት የሚወረሰውን ማለታቸው ነበር፤ እኔ በተወለድሁበት ዘመን ደግሞ ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ወዲህ መሬት የሕዝብ ሆኖ፣ በኋላም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ተደንግጓል። ስለዚህ በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ብዙ ዓመት ከኖርሁ በኋላ አጋዘን የማድንበት ቁራጭ መሬት ልግዛ ብዬ ስነሣ፣ ጫካውን ወድጄ ዋጋውን ከከፈልሁ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በመሬት ላይ ያለው መብት ግን ከጫካው ርቆ፣ በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ እንደሚገኝ የተረዳሁት ከፍዬ ነው።

ባንኮች ቤት ለሌለበት ባዶ መሬት ሲያበድሩ ቅድሚያ ክፍያውን ከፍ ስለሚያደርጉት፣ ብድሩን ትቼ እቁቤ እስኪወጣ ጠበቅሁ። ፍለጋዬን ያደረግሁት ከምኖርበት ወደ ምዕራብ ከሁለት ሰዓት ትንሽ በላይ በመኪና በሚያስኬደው፣ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ባለው በሃምፕሻየር ካውንቲ (ወረዳ) ነው።

በመጀመሪያ ያየሁት 5 ኤከር፣ ማለትም 2 ሄክታር ያህል ነበር። አጋዘኖቹ በቀን ብርሃን መንገድ ዳር ሲግጡ አይቼ ልቤ ተሰቅሎ ነበር። ሆኖም መሬቱ ተሸንሽኖ ከተሸጠ ሰፊ ይዞታ አንዱ ክፍል ስለነበር የባለንብረቶች ማኅበር አለው፤ የማኅበሩን ደንብ ጠይቄ ባነብ በክልሉ ውስጥ መተኮስን ይከለክላል። ደንቡ ባይኖርም እንኳ ስሌቱ አያስኬድም ነበር። በዌስት ቨርጂኒያ ሕግ ከሌላ ሰው መኖሪያ ቤት በ500 ጫማ (150 ሜትር ያህል) ርቀት ውስጥ ያለ ፈቃዱ መተኮስ አይቻልም፤ 5 ኤከር ደግሞ ካሬ ቢሆን አንዱ ጎኑ 467 ጫማ ብቻ ነው። ጎረቤት ቤቱን ወሰኑ ጥግ ከሠራ፣ ፊት ለፊቱ ባለው የመሬቱ ክፍል ምንም ያህል ወደ ኋላ ቢሸሹ ቤቱ ከ500 ጫማ አይርቅም። ትንሽ መሬት ለሚፈልግ ሰው ሁሉ ይህን ስሌት ከጉዞው በፊት እንዲሠራ አጥብቄ እመክራለሁ።

ሁለተኛው መሬት ገንዘብ አስከፍሎኛል። ወደ መሬቱ የሚያስገባው የጠጠር መንገድ በሁለት ሰዎች ይዞታ ውስጥ ያልፋል፤ ደላላው «ሁልጊዜም ሰው ሲያልፍበት የኖረ ነው፤ ማንም አይከለክልዎትም» አለኝና አምኜ ቀብድ ከፈልሁ። ዘግይቼ የያዝሁት ጠበቃ ሰነዶቹን ሲመረምር የመተላለፊያ መብት በየትኛውም አልተመዘገበም። እስከ ዛሬ ሰው ያለፈው በጎረቤቶቹ መልካም ፈቃድ ብቻ ነበር፤ መልካም ፈቃድ ደግሞ መሬቱ ሲሸጥ ወይም ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ሊያልፍ ይችላል። ውሉን ሳፈርስ ቀብዱ ቀረ። ጠበቃውን አስቀድሜ ብይዝ ኖሮ የምከፍለው ከዚያ ቀብድ ያነሰ ነበር፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሦስተኛውን፣ ማለትም አሁን የያዝሁትን 12 ኤከር፣ መሬቱን ከመርገጤ በፊት በወረቀት ነው ያየሁት። የካውንቲው ዋና ከተማ በሆነችው በሮምኒ መዝገብ ቤት ሄጄ የሽያጭ ሰነዶቹን ከአንዱ ባለቤት ወደ ቀደመው ወደ ኋላ እየተከተልሁ አነበብሁ። አሮጌው ሰነድ ወሰኑን ሲያመለክት ነጭ ኦክ ከሚባል ዛፍ ጉቶ ተነሥቶ፣ ወደ ድንጋይ ክምር አቅንቶ፣ ርቀቱን በፖል ይቆጥራል፤ አንድ ፖል 16 ጫማ ተኩል፣ ማለትም 5 ሜትር ያህል ነው። አያቴ «ከዋርካው እስከ ድንበሩ ድንጋይ» ሲሉ የነበረው ትዝ ብሎኝ ገጹ ላይ ብዙ ቆየሁ። ጉቶው ግን ከበሰበሰ ቆይቷል፤ ስለዚህ ቀያሽ ቀጥሬ በየማዕዘኑ የብረት ችካል አስተከልሁ። ከሰነዱ ሌላም ነገር ተገኘ፤ ከመሬቱ ሥር ያለው የዘይትና የጋዝ መብት ከብዙ ጊዜ በፊት ተለይቶ ተሸጧል። ይህ በዌስት ቨርጂኒያ የተለመደ ሲሆን፣ የመብቱ ባለቤት ለማውጣት ቢመጣ የመሬቱን ገጽ በአግባቡ ሊጠቀምበት ይችላል። ጠበቃዬ በአካባቢው ምን እንዳለ ካስረዳኝ በኋላ ዐውቄ ገባሁበት። እ.ኤ.አ. በ2021 ጸደይ ፈረምሁ።

12 ኤከር 5 ሄክታር ገደማ፣ በአያቴ ልኬታ የአንድ ጋሻ ስምንተኛ ነው። በዚህ ስፋት አጋዘን ያልፋል እንጂ አይኖርም። ማደሪያው የሰሜኑ ጎረቤቴ ጥቅጥቅ ያለ የጥድ ዛፍ ነው፤ የሚመጣው በእኔ መሬት ላይ ለሚረግፈው የነጭ ኦክ ፍሬ ነው፤ ይህ ፍሬ ከቀዩ ኦክ ይልቅ መራራነቱ ስለሚያንስ አስቀድሞ የሚለቅመው እርሱን ነው። ዱካውንና ገና ያልደረቀ በጠጡን ተከትዬ፣ የወንዱ ቀንድ ልጡን የላጠበትን ቀጭን ግንድ ካገኘሁ በኋላ፣ ማማዬን የሠራሁት ወደዚያ ተጠግቼ ነበር። ስሕተት ነበር። ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ ጠረኔን አጋዘኑ ወደሚያልፍበት ይወስደዋል፤ የመጀመሪያው ኅዳር ያለ ምንም ግዳይ አለፈ። በበጋ ማማውን ወደ ምሥራቁ ወሰን አዛወርሁት።

ሕጉም ቢሆን የራስ መሬት ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በራሱ መሬት ላይ ያለ ፈቃድ እንዲያድን የሚፈቀድለት የግዛቲቱ ነዋሪ ነው፤ እኔ የቨርጂኒያ ነዋሪ ስለሆንሁ ፈቃድ እገዛለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1975 ወዲህ የተወለደ ሰው ደግሞ የአዳኞችን ትምህርት መጨረስ አለበት። የአጋዘንን አንጎል የሚጎዳው ሥር የሰደደ የመክሳት በሽታ በዌስት ቨርጂኒያ በመጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2005 በዚሁ ካውንቲ ስለሆነ፣ በቆሎ በትኖ ማባበል የተከለከለ ነው፤ የታረደውንም ከነጭንቅላቱና ከነአከርካሪው ይዞ ወደ ቨርጂኒያ መሻገር አይቻልም።

በ2022 የወንድ አጋዘን የጠመንጃ ወቅት በሁለተኛው ሳምንት፣ ጎሕ ሲቀድ አንድ ባለ ቀንድ ወጣ። ተኩሼ መታሁት፤ ነገር ግን ስልሳ እርምጃ ያህል ሮጦ ከብረት ችካሌ አልፎ ጎረቤቴ መሬት ላይ ወደቀ። ያለ ፈቃድ ልሻገር አልችልም። በበጋ ወሰኑን አብረውኝ የዞሩት አዛውንት ጎረቤቴ በር ድረስ ሄጄ፣ ብርቱካናማውን የአዳኝ ሰደርያዬን እንደለበስሁ አንኳኳሁ። ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ፤ ሆድ ዕቃውን ስናወጣም እግሩን ይዘውልኛል። አንድ ታፋ ሰጠኋቸው።

ጾመ ነቢያት ከገባ ጥቂት ቀን ሆኖት ነበር። ሥጋውን ከአጥንት ለይቼ ፍሪዘር ውስጥ አስገባሁት፤ ጭንቅላቱን ለምርመራ ሰጠሁ። ባለቤቴ ሥጋው የሚበላ መሆኑን እንድጠይቅ ስለፈለገች፣ ወደ ንስሐ አባታችን ደውዬ ነበር፤ ዋላና ሚዳቋ በኦሪት ዘዳግም ከሚበሉት ተቆጥረዋል ብለው፣ ደሙ በሚገባ መፍሰሱን አጥብቀው ጠየቁኝ። የምርመራው ውጤት ንጹሕ መሆኑ ጾሙ ሳይፈታ ተነገረን። በገና ጠዋት ባለቤቴ ከዶሮው ወጥ ጎን በሮዝሜሪና በቃሪያ ጠበሰችው።