ሦስት ዓመት ለሞላው የተፈቀደ፣ ለእኔ የተከለከለ

እኔ ባደግኩበት የሐዋሳ ሰፈር፣ ጌም ለማን እንደሚፈቀድ የሚወስን ደንብ ነበር። በጽሑፍ አልሰፈረም እንጂ ከተጻፉት ከብዙዎቹ ይበልጥ ይከበር ነበር። ወንድ ልጅ ጆይስቲክ ለመጨበጥ እጁ ከበቃ የፈለገውን ጌም በፈለገው ሰዓት ይጫወታል፤ ሴት ልጅ ግን ዕድሜዋ ስንትም ይሁን፣ ጌሙም ምንም ዓይነት ይሁን፣ ጌም ቤት አትገባም። በአውሮፓ ጌሞችን በዕድሜ የሚመድበው ፔጊ የተባለው ሥርዓት የፊፋን የእግር ኳስ ጌሞች «3» ይላቸዋል፤ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ቢጫወታቸው ነውር የለበትም ማለት ነው። ወንጀልና ተኩስ የበዛበትን ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን ደግሞ «18» ይለዋል። ታናሽ ወንድሜ ገና አራተኛ ክፍል ሳለ ሁለተኛውን ከጓደኞቹ ጋር እየተቀባበለ ሲጫወት ማንም ምንም አላለውም፤ እኔ ግን ዘጠነኛ ክፍል ደርሼም የመጀመሪያውን ለመጫወት በር ላይ ቆሜ ግራና ቀኝ ማየት ነበረብኝ።

የዕድሜ ምደባው ራሱ ብዙ ዘመን ያስቆጠረ ነገር አይደለም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ጌሞቹ የወጡት በዚያ አቆጣጠር ስለሆነ ወደ እኛ መመለሱ ይበልጥ ያደናግራል።) በ1993 መጨረሻ ጆ ሊበርማንና ኸርብ ኮል የተባሉ የአሜሪካ ሴናተሮች፣ ሞርታል ኮምባትን በመሳሰሉ ጌሞች የሚታየው ደምና ጭካኔ ለልጆች እየተሸጠ ነው በማለት የጌም ኩባንያዎችን ጠርተው አፋጠጧቸው። ኩባንያዎቹም መንግሥት ሕግ ከሚያወጣብን እኛው ራሳችን እንመድብ ብለው በ1994 ኢኤስአርቢ የተባለውን ተቋም መሠረቱ። በአውሮፓ ደግሞ በ2003 ፔጊ ሥራ ጀመረ፤ 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 የሚሉት ቁጥሮች የእርሱ ናቸው። ብዙ ሰው ልብ የማይለው፣ ምደባው በአሜሪካ ሕግ አለመሆኑን ነው። ካሊፎርኒያ ጭካኔ የበዛባቸውን ጌሞች ለልጆች መሸጥን በሕግ ልትከለክል ሞክራ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 በሰባት ድምፅ ለሁለት ሕጉን ሽሮታል። እንግዲህ ቁጥሩ ጉልበት የሚያገኘው ከሁለት ሰዎች ነው፤ ዕድሜ ከሚጠይቅ ሻጭና ሽፋኑን ገልብጦ ከሚያነብ ወላጅ።

በእኛ ሰፈር ሁለቱም አልነበሩም፤ ሽፋኑም አልነበረም። ዲስኩ ተቀድቶ በስስ ላስቲክ ውስጥ ይመጣል፤ በላዩ ላይ በማርከር «ፔስ» (ሌላው የእግር ኳስ ጌም) ወይም «ሳን አንድሪያስ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ቁጥሩ የታተመበት ካርቶን የት እንደቀረ የሚጠይቅም የሚያውቅም የለም። ሳን አንድሪያስ በ2004 ከወጣ በኋላ በውስጡ ተቆልፎ የተተወ የወሲብ ትዕይንት እንዳለ በ2005 ሲደረስበት፣ ኢኤስአርቢ ደረጃውን «ለአዋቂዎች ብቻ» ወደሚለው ከፍ አደረገው፤ ትላልቅ የአሜሪካ መደብሮችም ከመደርደሪያቸው አነሱት፤ የጌሙ ሠሪ ሮክስታርም ትዕይንቱን አስወግዶ እንደገና ለገበያ ለማቅረብ ተገደደ። ይህን ሁሉ ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። በዚያው ጊዜ እኛ ጋ ዋናው ጭንቀት ሜሞሪ ካርዱ ስምንት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ የማን ጨዋታ ተደምስሶ የማን ይቀመጥ የሚለው ነበር።

ጌም ቤቱን በደንብ የማውቀው የአክስቴ የፊት ክፍል ስለነበረ ነው። አረብ ሰፈር አካባቢ ካለው ቤቷ መንገድ ዳር ያለችውን አንዲት ክፍል ለአንድ ወጣት አከራይታ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ላይ መጋረጃ፣ ውስጡ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ከፊታቸው አግዳሚ ወንበር። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ክፍሉ ውስጥ መተንፈስ ያስቸግራል፤ መጋረጃው ግን አይከፈትም፤ ብርሃን ከገባ ስክሪኑ አይታይም፣ ደግሞም መንገደኛው ማን ውስጥ እንዳለ ያያል። የጆይስቲኮቹ አናት ላይ ያለው ጎማ በአውራ ጣት ብዛት ተልጦ ስላለቀ ባለቤቱ ከብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጦ ያለብሳቸዋል። ፕሌይስቴሽኑ ሌንሱ ሲደክምና ዲስክ አላነብ ሲል ይገለበጣል፤ ተገልብጦም እንቢ ካለ በጎኑ ይቆማል፤ የሚገርመው ያነባል። ሂሳቡ በጌም ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ተቀምጦ ቀጣዩን ይጠብቃል።

እኔ የገባሁት ሂሳብ ተቀባይ ሆኜ ነው። ባለቤቱ ምሳ ሊበላ ወይም ዲስክ ሊያመጣ ሲሄድ፣ አክስቴ «ሂጂ፣ ሳንቲሙን ተቀበዪለት» ትለኛለች። ይህ ለማንም እንግዳ ነገር አልነበረም። ሴት ልጅ ሱቅ ውስጥ ቆማ ሒሳብ ብትቀበል ሥራ ነው፣ ሙያ ነው። ያው ልጅ እዚያው ክፍል፣ እዚያው አግዳሚ ላይ፣ እነዚያው ልጆች መካከል ተቀምጣ ጆይስቲክ ብትይዝ ግን ባለጌ ትባላለች። ልዩነቱ የት ላይ እንደሆነ አክስቴን ጠይቄያት አውቃለሁ። «አንቺ ደግሞ ነገር ታበዢያለሽ» ነበር መልሷ፤ ከዚያ ወዲያ መልስ እንዳልነበራትም አውቃለሁ። ሐዋሳ ለሴት ልጅ ጭፍን ከተማ ሆና አይደለም። ሜዳ ላይ የተሠራች ከተማ ስለሆነች ብስክሌት የሚነዱ ልጃገረዶችን ማየት ብርቅ አልነበረም፤ እኔም ወደ ሐይቁ ዳር በብስክሌት ስወርድ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

መጫወት የጀመርኩት የትምህርት ፈረቃው ስለረዳኝ ነው። እኔ የከሰዓት ፈረቃ በነበርኩበት ዓመት ጠዋት ጌም ቤቱ ባዶ ነበር፤ ባለቤቱም መሣሪያዎቹ ይሥሩ አይሥሩ የሚፈትሽለት ሰው ይፈልጋል። በዚያ ፍተሻ ስም ቴክንን ለመድኩ። ቴክን የድብድብ ጌም ሆኖ ሴት ተጋጣሚዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ ያሉበት ነው፤ ኒና አለች፣ ከቴክን 3 ጀምሮ ሊንግ ሻዎዩ አለች፤ ከወንዱ እኩል ትማታለች። የእኛ ልጆች የሚወዱት ግን ኤዲን ነበር፤ ብራዚላዊው ኤዲ ጎርዶ የእርግጫ ቁልፎቹን ዝም ብሎ ለሚደበድብ ሁሉ ይታዘዛልና። በኋላ ነገሩ እየመረረ ሲመጣ ክፍሉ ውስጥ «ኤዲ ክልክል ነው» የሚል ሕግ ወጣ። ያንን ሕግ ያመጣሁት እኔ ነኝ ብል ማንም አያምነኝም፤ ነገር ግን ሂሳብ ተቀባይ ሥልጣን አለው።

ወላጆች ጌም ቤትን የፈሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም ለብሶ የሚመጣ ልጅ አለ፤ ከጀርባ ቆመው የሚያጨሱ ጎረምሶች አሉ፤ አስይዘው የሚጫወቱ አሉ፤ ስድቡ ደግሞ እዚህ የሚጻፍ አይደለም። አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን ፊት በተነሳ ጠብ የአንድ ልጅ ጥርስ ተሰብሯል፤ ጨዋታው ለሦስት ዓመት ሕፃን የተፈቀደው የእግር ኳስ ጌም ነበር። እናቴ «እዚያ ቤት እንዳላይሽ» ስትለኝ እውነት ነበራት። ያልገባኝና እስካሁንም የማልቀበለው፣ ያንኑ ቃል ለወንድሜ አለማለቷ ነው። ክፍሉ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ የማይሆን ከሆነ ለአሥር ዓመት ወንድ ልጅ እንዴት ይሆናል? እኔን ከክፍሉ ለማዳን የተደረገው ጥንቃቄ ሩቡ እንኳ ለእርሱ አልተደረገለትም። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ የተበደልኩት እኔ ብቻ እንደሆንኩ ያስባል፤ እኔ ግን በዚያ ደንብ ወንዶቹም ሳይጠበቁ እንዳደጉ ነው የማየው። ወንድ ልጅ አይበላሽም የሚለው እምነት ለእነርሱ ክብር መስሎ ቀረበላቸው እንጂ ትርጉሙ የሚጠብቃቸው የለም ማለት ነበር።

ይህ አስተሳሰብ የእኛ ብቻ ነው ለማለት ግን አልደፍርም። ፓክማንን በ1980 የፈጠረው ጃፓናዊው ቶሩ ኢዋታኒ፣ የጌም አዳራሾች በወንዶች ብቻ መሞላታቸውን አይቶ ሴቶችም እንዲመጡ አስቦ እንደሠራው በተለያዩ ጊዜያት ተናግሯል። ይሁንና በ1983 የአሜሪካ የቤት ጌም ገበያ ሲወድቅ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ኔንቴንዶ መሣሪያውን መጫወቻ ነው ብሎ ለመጫወቻ መደብሮች ሸጠው፤ እዚያ ደግሞ መደርደሪያው የወንድና የሴት ተብሎ የተከፈለ ነበር፤ ጌሙም ከወንዶቹ ወገን ተቀመጠ። ማስታወቂያውም ተከተለው። ሴቶችን ያካተተ የፊፋ ጌም ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ2015፣ ፊፋ 16 በተባለው ሲሆን የገቡት አሥራ ሁለት ብሔራዊ ቡድኖች ናቸው፤ ከአፍሪካ አንድም አልነበረም። በዚያ ላይ ለፕሌይስቴሽን 2 የተሠራው የመጨረሻው ፊፋ 14 ነው፤ ስለዚህ እንደ አክስቴ ተከራይ ባሉ ጌም ቤቶች ያሉት አሮጌ መሣሪያዎች ሴት ተጫዋች ሳያሳዩ ጡረታ ወጡ። ዱራሜ ተወልዳ እስከ ማልታ ቢርኪርካራ ሄዳ የተጫወተችው ሎዛ አበራ በእውነተኛው ሜዳ ጎል ስታገባ፣ እኛ በስክሪኑ ላይ ሴት ስትሮጥ ገና አላየንም ነበር። በነገራችን ላይ ሎዛ ጌም ውስጥ ብትገባ ኖሮ አግዳሚው ላይ መጀመሪያ የሚመርጧት ወንዶቹ እንደሚሆኑ አልጠራጠርም፤ ፈጣን ተጫዋች የማይመርጥ የለምና።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። የዕድሜ ምደባው የሚመዝነው ዲስኩን ነው፤ ክፍሉን አይመዝንም። «3» የተባለው የእግር ኳስ ጌም የሚጫወትበት ቤት ውስጥ ገንዘብ ይያዛል። ይህን የጌም ቤት ጎረምሶች ብቻ ያመጡት ጣጣ አድርጌ አስብ ነበር፤ ነገር ግን ያው «3» የተባለው ጌም ራሱ፣ ምን እንደያዘ የማይታወቅ የተጫዋቾች ጥቅል በገንዘብ መሸጥ ጀመረ። የቤልጂየም ባለሥልጣናት በ2018 ይህ ዓይነቱ ሽያጭ ቁማር ነው ብለው ወሰኑ፤ የጌሙ ኩባንያም በ2019 መጀመሪያ በዚያ አገር ጥቅሉ የሚገዛበትን የጨዋታ ገንዘብ መሸጥ አቆመ። በሌሎች አገሮች ግን ሽያጩ ቀጠለ። ምደባው ላይ «በጨዋታው ውስጥ ግዢ አለ» የሚል ማሳሰቢያ ተጨመረበት እንጂ ያኔ ቁጥሩ አልተነካም። አስይዘው ይጫወቱ የነበሩት የሰፈራችን ልጆች ቢያንስ ማን እንደበላቸው በስም ያውቁ ነበር።

ዛሬ ጌም ቤቱ ስልክ ውስጥ ገብቷል። መጋረጃ የለም፣ በር የለም፣ ስለዚህ ሴት ልጅን በር ላይ የሚመልስ የለም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የዕድሜው ቁጥርም በመጨረሻ እኛ ጋ ደርሷል። ጎግል ፕሌይ ከ2015 ጀምሮ ጌም ሠሪዎች መጠይቅ ሞልተው ደረጃ እንዲያገኙ ስላደረገ፣ ከጌሙ ስም ሥር ከ3 ወይም ከ12 ወይም ከ16 ዓመት በላይ የሚል ጽሑፍ ይታያል። የእህቴ ልጆች ግን ጌም ከፕሌይ ስቶር አያወርዱም፤ ዳታ ይፈጃል። ከጎረቤት ልጅ ስልክ በዜንደር ይላካል፣ ወይም በቴሌግራም ይመጣል። የፋይሉ ስም ብቻ፣ ያለ ቁጥር። የማርከሩ ጽሑፍና ስሱ ላስቲክ መልካቸውን ቀይረው ቀጥለዋል።

እህቴ ጌም የሚመለከተውን ነገር ሁሉ ለእኔ ትታዋለች፤ «አንቺ የምታውቂው ነገር ነው» ትላለች፣ በግማሽ ልብ ቁምነገር፣ በግማሽ ልብ ስላቅ። ልጁ አሥራ ሦስት፣ ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። አዲስ ጌም ሲጠይቁኝ ቁጥሩን ብቻ አላይም፤ ከቁጥሩ ሥር የተጻፈውን ምክንያት አነባለሁ፤ ደም ነው፣ ስድብ ነው፣ ቁማር ነው ወይስ ከማያውቁት ሰው ጋር መነጋገር? ከዚያ እኔው እጫወተዋለሁ፤ ይህ የሥራው ደስ የሚለው ክፍል መሆኑን አልደብቅም። ፔጊ 16 ያለውን ፐብጂ የተባለ የተኩስ ጌም ሁለቱንም ከለከልኳቸው። ልጁ በጣም አኮረፈ፤ ያኮረፈው በመከልከሉ ብቻ ሳይሆን ከእህቱ እኩል በመከልከሉ ነው። «እሷ እኮ ሴት ናት» አለኝ። እኔም እሱ ራሱ ከእህቱ የሚበልጠው በሁለት ዓመት እንደሆነና የጎደለው ግን ሦስት ዓመት መሆኑን አስልቼ ነገርኩት። የእግር ኳሱን ጌም ለሁለቱም ፈቀድኩ፣ ግዢውን በይለፍ ቃል ቆልፌ።

ያልተስማማነው በማይክሮፎኑ ላይ ነው። ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር ኦንላይን ስትጫወት የወንድ ስም ትጠቀማለች፤ ድምፅዋንም ዘግታ ነው የምትጫወተው። ሴት መሆኗ ከታወቀ የሚመጣውን ስድብ አንዴ ሰምታዋለች። ስሟን ለምን እንደቀየረች ስጠይቃት «አክስቴ፣ እንዲህ ይሻላል፤ ዝም ብለው ያቀብሉኛል» አለችኝ። እህቴ ልጅቷ ብልህ ናት ትላለች። እኔ ደግሞ እስካሁን ለሚሳደቡት ልጆች እናቶች የሚደውል ሰው ለምን እንደሌለ ነው የምጠይቀው፤ ከተሳዳቢዎቹ ሁለቱ እዚሁ ታቦር ተራራ ሥር፣ የምናውቃቸው ቤቶች ልጆች ናቸው። ስልካቸው አለኝ፤ እህቴ ግን «ነገር አታብዢ» ብላ ይዛኛለች።