ከደሴ ቁልቁል፣ ከኮምቦልቻ ወደ ላይ

ደሴ የሄድኩት እናቴን ለዓይን ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ላመጣት ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን በአውቶቡስ ነበር የምንመጣው። 400 ኪሎ ሜትር ነው። ሸዋ ሮቢትን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ይዞ፣ ጣርማበርን መውጣት አለ። ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ማለት ነው። የእናቴ ጉልበት ይህን አይችልም። በአውሮፕላን ግን አንድ ሰዓት አይሞላም።

እንደ እኔ አባት ወይም እናት ይዛችሁ በዚህ መስመር ለመብረር ካሰባችሁ፣ በረራው አያሳስባችሁ። ሰው የሚጉላላው መሬት ላይ ነው።

ትኬቱ ላይ የምታዩት ምልክት ዲኤስኢ ነው። ከደሴ ስም የተወሰደ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ያለው ግን ኮምቦልቻ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት፣ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ይሆናል። ኮምቦልቻ ደግሞ ታች ቦርከና ወንዝ ዳር፣ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። በመሀላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁጥሩ አያታልላችሁ። ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ፊታችሁ የተጫነ ሲኖትራክ ከገባ ቀድማችሁ የምታልፉበት ቦታ የለም፣ ከኋላው እየተንፏቀቃችሁ መውረድ ነው። ስለዚህ ከበረራው ሦስት ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ከደሴ ተነሱ። በዛ የሚል ካለ ይበል፣ እኔ ከዚህ አላሳንስም።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ አለ። ደሴ የደረስኩት በዋዜማው ማታ ነው። እህቴ ሁሉን አሰናድታ ጠበቀችኝ። ሚኒባስ በኮንትራት ይዛለች፣ ሻንጣው ታስሯል። «ለስንት ሰዓት ነው የቀጠርሽው?» አልኳት።

«ለ8 ሰዓት። በረራው 11 ሰዓት ከ40 አይደል?» አለች።

ደነገጥኩ። ትኬቱ ላይ 11፡40 ይላል፣ እውነት ነው። ግን የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ ከጠዋቱ 5፡40 ማለት ነው። እኔ መንገድ ላይ አንድ ቀን ዘግይቼ ቢሆን ኖሮ እናቴ በረራዋ ካለፈ በኋላ ነበር ከቤት የምትወጣው። እህቴ የተማረች ናት፣ ጥፋቱም የእሷ አይደለም። ትኬት ስትልኩ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፋችሁ ላኩ። ቀኑንም እንደዚያው። ኦክቶበር 12 ጥቅምት 2 ነው፣ ለቤተሰብ ጥቅምት 2 በሉት።

ስልክ ቁጥርም አለ። ትኬቱን የሚቆርጥላችሁ ሰው የራሱን ቁጥር እንዳያስገባ። በረራ ሲቀየር መልእክት የሚላከው በተመዘገበው ቁጥር ነው። ባለፈው ክረምት የእኔ በረራ በጉም ምክንያት ተሰርዞ፣ መልእክቱ ትኬቱን ወደገዛሁበት ሱቅ ሄደ። እኔ ሳልሰማ ኮምቦልቻ ድረስ ወርጄ በዝናብ ተመለስኩ። አሁን በቴሌብር ራሴ እከፍላለሁ፣ ቁጥሬንም ራሴ አስገባለሁ። ክረምት ላይ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ በማግስቱ የማይቀር ቀጠሮ ካላችሁ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ብረሩ። ከቦሌ መጥቶ የሚመለሰው ያው አውሮፕላን ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ላለ ሰው ደውሎ «ተነሳ ወይ?» ብሎ መጠየቅም ይጠቅማል።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከቤት ወጣን። ደሴ በጉም ተሸፍና ፒያሳ ላይ የመኪናው መብራት እንኳ ሩቅ አያሳይም። እናቴ ጋቢዋን ደርባለች። ሐረጎን አልፈን ስንወርድ ጉሙ ከበላያችን ቀረና ፀሐይ ወጣ። ኮምቦልቻ ስንገባ ጋቢው ወርዶ ጭኗ ላይ ተጣጥፏል። አየሩ ሌላ አገር ነው የሚመስለው። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዋዜማው ሹፌሩን ጠይቀነው ነበር፣ እናንተም ጠይቁ። በ2014 ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ በረራውም ተቋርጦ እንደነበር የአካባቢው ሰው አይረሳም።

አውሮፕላን ማረፊያው ትንሽ ነው። ለእኔ ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ከበር እስከ ፍተሻ ብዙ እርምጃ የለም፣ አዛውንት አይደክምም። ሸኚ ውጭ ይቀራል። መታወቂያና ትኬት በእጃችሁ ይሁን፣ በሁለቱ ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑንም ከቤት ሳትወጡ እዩት። ማርና ቅቤ በእጅ ሻንጣ አትያዙ። በደንብ አሽጋችሁ ለጭነት በሚሰጠው ውስጥ ክተቱት። የእናቴን ማር ሦስት ላስቲክ ውስጥ ነው የከተትኩት፣ ጠብታ ሳይፈስ ደረሰ።

ጉልበት ለሚያመው ሰው ተሽከርካሪ ወንበር ትኬት ሲቆረጥ ይጠየቃል። እዚያው ደርሶ መጠየቅ ይቻላል ብላችሁ አትተዉት። የሚመጣው ባለ ሁለት ፕሮፔለር ኪው 400 ነው። ደረጃው በሩ ራሱ ነው፣ ወደ ታች ሲዘረጋ መወጣጫ ይሆናል። ጥቂት እርከን ናት፣ ግን ጠባብ ናት። እናቴ በአንድ እጇ የደረጃውን መደገፊያ፣ በሌላው ሙስባሃዋን ይዛ፣ አንድ እርከን ላይ ሁለት እግሯን እያሳረፈች ወጣች። ከኋላችን የነበረው ወጣት «አብሽሪ እናቴ፣ ቀስ በይ» እያለ ጠበቃት። ማንም አልገፋንም። ወሎዬ እንዲህ ነው።

ትልቅ የእጅ ሻንጣ ከላይ ያለው መደርደሪያ አይበቃውም፣ በሩ ላይ ይቀበሏችኋል። መስኮት ዳር መቀመጫ አትለፉ። ክንፉ ከመስኮቶቹ በላይ ስለሆነ ወደ ታች አይጋርድም። ሲነሳ እናቴ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። የደከመ ዓይኗ ምን ያህል እንዳየ አላውቅም። ቦርከናን፣ ከዚያ አስፋልቱን በጣቷ ተከተለችው። «ይሄ መንገድ ስንቴ አስመልሶኛል» አለች። ቀጥላ «ጦሳ የታለ?» ብላ ጠየቀች። ጉም ሸፍኖት ነበር።

ወደዚያ ለጉብኝት የምትሄዱም ብትሆኑ ኮምቦልቻ ላይ ማረፉ አይከፋም። ሰኞ ከሆነ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ብትሄዱ የባቲ ገበያ አለ። ሐይቅ ደግሞ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም።

ቦሌ ወርደን ሻንጣ ስንጠብቅ እናቴ እህቴን አስደወለችኝ። እህቴ አውሮፕላኑ እስኪነሳ ውጭ ቆማ ነበር፣ የኮንትራቱ ሚኒባስ ትቷት ሄዷል።

«ደረስን፣ አልሃምዱሊላህ። አንቺስ ቤት ገባሽ?» አለቻት።

«ኧረ እማዬ፣ ገና ኮምቦልቻ መናኸሪያ ነኝ። መኪናው አልሞላም፣ ሁለት ሰው ይቀረዋል።»