ኖራ አያስፈልገውም የተባለው ማሳ

የአፈር ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ፣ ጎጃም ውስጥ፣ የትኛው ከተማ እንደሆነ ይቅር። ስራዬ ባጭሩ የመጣውን አፈር ጥላ ላይ ማድረቅ፣ መፍጨት፣ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት መንፋት፣ ከዛ 10 ግራም አፈር ላይ 25 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ጨምሮ መበጥበጥና ፒኤች ሜትሩን፣ ማለትም የአሲድ መለኪያውን፣ ነክሮ የሚያሳየውን ቁጥር መጻፍ ነው። ቀላል ነው። ማንም በሳምንት ይለምደዋል። የሚከብደው አፈሩ እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት ያለው ነው፣ እሱን ደግሞ እኛ አናየውም።

ነገሩ የሆነው አዊ በኩል ከአንድ ቀበሌ በመጣ ናሙና ነው። አካባቢውን ለማያውቅ ሰው ልንገረው፣ መሬቱ ቀይ ነው ዝናቡም ብዙ ነው፣ ዝናቡ ካልሲየሙን ማግኒዥየሙን ስንት ዘመን ሲያጥብ ኖሮ አፈሩ አሲዳማ ሆኗል፣ ፒኤች ከ5 በታች ማግኘት ብርቅ አይደለም፣ 7 መካከለኛው ነው፣ ከሱ በወረደ ቁጥር አሲዱ ይበረታል። ከ5.5 ከወረደ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ስር ያቀጭጨዋል፣ ገበሬው በስንት መከራ ገዝቶ የበተነው ማዳበሪያ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስም ብረቱና አሉሚኒየሙ ጥርቅም አርገው ይይዙታል። ገበሬው ማዳበሪያውን መሬቱ በላው ሲል ሰምቶ የሳቀ ባለሙያ አይቻለሁ፣ ምኑ ያስቃል፣ በልቶታል እኮ። ደሞ 5 እና 6 ያው ተቀራራቢ ነው የሚል አለ፣ ፒኤች ላይ አንድ ቁጥር ማለት አስር እጥፍ ነው።

ገብስና ስንዴው እምቢ ሲለው ሰዉ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘር ዛፍ ተከለ። እዛው አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ወረዳን በመኪና ያለፈ ሰው ያውቀዋል፣ ግራ ቀኙ ዲከረንስ ነው። አራት አምስት አመት ያድጋል፣ ይቆረጣል፣ እዛው ማሳው ላይ ይከሰላል፣ ከሰሉ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል፣ መሬቱ ይታረስና ከሰብል ጋር እንደገና ይተከላል። እውነት ለመናገር ስንቱን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰ ዛፍ ነው። በኋላ ግን ቅጠሉን ዝገት የሚያስመስል የፈንገስ በሽታ ገባና ተክሉ እየደረቀ ሲያስቸግር ብዙው ሰው ነቅሎ ወደ ገብስ፣ ስንዴና ድንች ተመለሰ። ሲመለስ ታዲያ የድሮው አሲድ እዛው ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ስለዚህ አሲዱን የሚገድል ኖራ ያስፈልጋል፣ ኖራ ደግሞ የሚታደለው የአፈር ውጤት ታይቶ ነው፣ እዚህ ጋ ነው እኛ የምንመጣው።

ክረምቱ ሲጋመስ አንዲት እናት ቢሮ መጡ። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው በመቀነታቸው ቋጥረውታል።

«አፈር የምትመረምረው አንተ ነህ ልጄ?»

«አዎ እማማ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ለጎረቤቶቼ ሁሉ ኖራ ተጻፈላቸው። የኔ መሬት ግን ጤነኛ ነው አላችሁ። እሰይ ብዬ ዘራሁ። አሁን ና እና ገብሴን እየው፣ ጤነኛ ይሄ ከሆነ የታመመው ምን ሊሆን ነው!»

ወረቀቱን አየሁት፣ ፒኤች 6.9፣ ኖራ አያስፈልግም ይላል። ጎረቤቶቻቸው ግን 4.6፣ 4.8፣ 4.9 ናቸው። አለቃችን ማሽን አይዋሽም ብሎ ሊሸኛቸው ነበር፣ ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም ቅሬታ ስለበዛበት ነው። እኔ የተቀመጠውን ትራፊ አወጣሁ፣ ሁሌም ከየናሙናው ትንሽ እናስቀራለን። ፒኤች ሜትሩን በ4ና በ7 በፈር፣ ማለትም ፒኤቹ በታወቀ ፈሳሽ፣ አስተካክዬ ደግሜ ለካሁ። ያው 6.9። ማሽኑ እውነትም አልዋሸም፣ መጀመሪያ የሰራው ልጅም አልተሳሳተም።

ግን አፈሩን ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግፌ ሳየው ቀይ አይደለም፣ ወደ ጥቁር ግራጫ ይሄዳል፣ በጣቴ ሳሸው ደሞ ጥቁር ነገር እጄ ላይ ቀረ፣ ጥቃቅን የከሰል ፍርፋሪ ነው።

በበነጋታው ከወረዳው ኤክስፐርት ጋር በሞተር ሄድን፣ ጭቃው ለጉድ ነበር፣ እሱን ተዉት። ማሳው አንድ ቃዳ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ትሆናለች። ገብሱ ቢጫ ሆኖ ከጉልበት በታች ቀርቷል፣ አንዱን ነቅለን ስሩን አየነው፣ አጭር፣ ወፈር ያለና ቅርንጫፍ የሌለው፣ አሉሚኒየም እንዲህ ነው የሚያደርገው። መሀል ላይ ግን እዚህም እዚያም ክብ ክብ ሆኖ ጥቁር አረንጓዴ ገብስ ቆሟል፣ ወገብ ይደርሳል፣ ዳሩ በገመድ የተለካ ነው የሚመስለው። ኤክስፐርቱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። እማማ እኛን ትዝብት ባለበት አይን እያዩ፣

«ምኑ ይደንቃል፣ ልጆቼ ከሰል ያከሰሉበት ነው። እንኳን ገብስ ጎመንም ብትጥልበት ይበቅላል። ይሄን የማያውቅ ሰው አለ?»

አለ እንጂ እማማ። ፎቶ እያነሳ ያለው ማን ሆነና።

አንደኛው ክብ ውስጥ ገባ ብለን ስናይ በአካፋ የተቆፈረች ጉድጓድ ግማሹ በዝናብ ተደፍኖ አሁንም ይታያል። ናሙናው ከዛች አንዲት ቦታ ነው የወጣው። ደንቡ በዚግዛግ እየሄድክ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ ከላይ እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት እየወሰድክ ባልዲ ውስጥ ትቀላቅላለህ፣ ከሱ አንድ ኪሎ ታስቀራለህ፣ የድሮ በረት፣ የፍግ ክምር፣ የዛፍ ስር፣ የእርከን ጠርዝና አመድ ያለበት ቦታ አትነካም ነው። ናሙና የሰበሰበው ልጅ የሄደው መጋቢት ላይ ነው፣ መጋቢት ላይ ያ ቀይ አፈር ዶማ ይመልሳል፣ ከሰል የተከሰለበት ግን እሳት ስላገኘው ፈርካሽ ነው፣ አካፋው ዝም ብሎ ይገባል። የሚከፈለው ደሞ በናሙና ቁጥር ነበር። በከረጢት እየተቆጠረ የሚከፈለው የቀን ሰራተኛ ከአንድ ማሳ 20 ቦታ ይቆፍራል ብሎ የጠበቀ ሰው ቆፍሮ አያውቅም፣ ልጁ ላይ መፍረድ አልሆነልኝም፣ ክፍያውን እንደዛ ያወጣው ሰው ላይ ግን እፈርዳለሁ።

አመዱ ምን እንዳረገም ግልጽ ነው። የእንጨት አመድ ውስጥ ካልሲየምና ፖታሲየም አለ፣ አብዛኛው በካርቦኔት መልክ ስለሆነ አሲዱን ይገድላል፣ አሉሚኒየሙም ከመሟሟት ይመለሳል። ከደጀን በመኪና ተጭኖ የሚመጣው ኖራም የተፈጨ ድንጋይ ነው እንጂ የሚሰራው ያንኑ ነው።

አዲስ ናሙና ወሰድን፣ አንድ ከክቡ ውጪ፣ አንድ ደሞ ለማወዳደር ከክቡ ውስጥ። ባልዲውን እማማ ያዙት፣ መሪም እሳቸው ነበሩ፣ «እዚህ አታውጡ፣ ድሮ የጥጃ በረት ነበር»፣ «ከዚህ ውሰዱ፣ ይሄ እንኳን ሁሌም ከፍቶ ነው የሚውል»። ኤክስፐርቱ በጂፒኤስ ነጥብ ሲይዝ እሳቸው በእግራቸው ቀድመውት ሄደዋል። ውጤቱ ከክቡ ውጪ 4.7፣ ከክቡ ውስጥ 7 ምናምን ሆነ። ለቃዳዋ ሰባት ኩንታል ተኩል ኖራ ተጻፈላቸው።

ተጻፈ ማለት ግን ተገኘ ማለት አይደለም። ኖራ ከመዘራቱ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ተበትኖ በእርሻ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት፣ ዘር ከወጣ በኋላ ላዩ ላይ ቢነሰንሱት እዛው ላዩ ላይ ይቀራል፣ ስለዚህ የዛ አመት ገብስ አለቀለት። ሌላም አለ፣ መኪናው ኖራውን የሚያራግፈው መንገድ ዳር ነው፣ ከዛ በአህያ ነው፣ ሰባት ኩንታል ተኩል በአህያ ስንት ምልልስ እንደሆነ አስቡት። እማማ በሚቀጥለው አመት ለግማሹ ብቻ አስጭነው ገብስ ዘሩበት፣ ግማሹን ግብጦ አደረጉት። ግብጦ አሲድ ይችላል፣ ናይትሮጅንም ከአየር ያመጣል፣ ይሄን ማንም ባለሙያ አልነገራቸውም። ኖራ የገባበት ገብስ ጥሩ ነው ብለው ላኩብኝ፣ ከክቡ ግን አይደርስም አሉ።

ከዛ ቀበሌ የመጡትን የሌሎቹን ትራፊም እያወጣሁ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግፌ አየኋቸው። ከሰል ያለባቸው ሌሎችም ተገኙ። ለአለቃዬ ዝርዝሩን ሰጠሁት፣ ደግሞ ለማስቆፈር በጀት የለም ተባለ፣ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ የሁለት ጎጥ ብቻ ተፈቀደ። የቀሩት እዛው መዝገብ ውስጥ ጤነኛ እንደተባሉ አሉ፣ እስከዛሬ ያናድደኛል።

ቆይተው ደሞ እማማ ሌላ ጣጣ ይዘው መጡ። ከተማ ውስጥ አረቄ የሚያወጡ ሴቶች ቀኑን ሙሉ እንጨት ሲያነዱ ይውላሉ፣ አመዱን ደሞ ዝም ብለው ነው የሚደፉት። እማማ ከነሱ ጋር ተዋውለው በጆንያ እየወሰዱ ነው።

«ስንት ጆንያ ለአንድ ቃዳ ይበቃል? አንተ ለካልኝና ንገረኝ፣ እንዳላበዛው።»

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ የአመድ ጉልበት እንደ እንጨቱ ይለያያል፣ ከበዛም መሬቱን ከሚገባው በላይ ያሻግረዋል፣ ዝናብ የመታው ደሞ ፖታሲየሙ ታጥቦ ይሄዳል። በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ታይትሬት አርጌ፣ ማለትም አመዱ ስንት አሲድ እንደሚገድል ለክቼ፣ ከንጹህ ካልሲየም ካርቦኔት ጋር ማወዳደር እችላለሁ፣ የግማሽ ቀን ስራ ነው። መረከቢያ ቅጹ ላይ ግን ያለው አፈር፣ ኮምፖስትና ኖራ ብቻ ነው፣ አለቃዬም ይሄን በምን ልንመዘግበው ነው ብሎ ተከራከረኝ። «ሌላ» የሚለው ሳጥን ውስጥ የአረቄ ቤት አመድ ብዬ ጽፌ ቁጥር ሰጠሁት።