ጉንዳን የመሰለው ፊደል

ዛሬ ቅዳሜዬን ፎንት በላው።

ለሰፈራችን እድር የወር መዋጮ መመዝገቢያ ፕሮግራም በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ እየሠራሁ ነው። መስኮቱን የሠራሁት ቲኪንተር በሚባለው የፓይተን መስኮት መሥሪያ ነው። ባለፈው ሳምንት ለጸሐፊያችን ለጋሼ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉና "ይሄ ፊደል ነው ጉንዳን?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዊንዶውስ ላይ የቲኪንተር መነሻ ፎንት (ሌላ ካላዘዝከው የሚጠቀምበት የፊደል ዓይነት) መጠኑ 9 ነጥብ ነው። ለላቲን ይበቃ ይሆናል። የእኛ "ሱ" እና "ሲ" ግን የሚለዩት በአንዲት ቅጥያ ነው፤ አንዱ ጋ ወገቡ ላይ ትወጣለች፣ ሌላው ጋ እግሩ ሥር። በዚያ መጠን ለጋሼ ዓይን ሁለቱም ያው ጭረት ናቸው።

መጀመሪያ እያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ እየዞርኩ መጠን መጻፍ ጀምሬ ነበር። ሞኝነት ነው። ይሄንኑ መነሻ ፎንት፣ "ቲኬ ዲፎልት ፎንት" የሚባለውን፣ በስሙ ጠርቼ መጠኑን 15 ሳደርገው ጽሑፉ ባንዴ አደገ። የመጻፊያ ሳጥኖቹ ብቻ ንቅንቅ አላሉም። ለካ እነሱ የሚከተሉት "ቲኬ ቴክስት ፎንት" የተባለውን ነው። እሱንም አሳደግኩት።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ቀበጥኩ። ለርዕሱ ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት መረጥኩለት፤ እኔ ላፕቶፕ ላይ ሸጋ ነው። ዛሬ ጠዋት በፍላሽ ይዤ ጋሼ ቤት ስከፍተው ርዕሱ ሌላ መልክ ይዞ ቁጭ! ስህተት የሚል መልእክት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ቲኪንተር ያዘዝከውን ፎንት ካጣ ዝም ብሎ ሌላ ይተካል። አንድ ሰዓት ሙሉ የራሴን ኮድ ስወቅስ ቆየሁ። በመጨረሻ "አክቹዋል" የምትባለዋን ትእዛዝ ስጠራ ጉዱ ወጣ፦ የጠየቅኩት ሌላ፣ የተሰጠኝ ሌላ። ኒያላ እሳቸው ኮምፒውተር ላይ ጭራሽ አልተጫነም።

አሁን ፕሮግራሙ ሲነሳ የተጫኑትን ፎንቶች ዝርዝር ያያል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ካለ እሱን፣ ከሌለ ኒያላን፣ እሱም ከሌለ ኤብሪማን ይወስዳል። (ዝርዝሩን ዋናው መስኮት ሳይፈጠር ከጠየቅከው ግን ይጮህብሃል። ለዚህ ለዚህማ አፍ አለው።)

ማታ ተመልሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ሳያደርጉ ስሞቹን እየጠሩ ወረዱ። መሃል ላይ ቆም አሉና ቀና ብለው አዩኝ።

"አንተ፣ የሰኔን አልከፈልክም እንዴ?"