ከሳር ቤት እስከ ሜክሲኮ፦ የዘጠኝ ወር የአዲስ አበባ የእግር ጉዞ መዝገቤ

ባለፈው ከእናንተ ከእግር ጉዞ ወዳጆቼ ጋር የእርምጃ ቁጥራችንን ስንለዋወጥ፣ የእኔ ቁጥር በአንዳንድ ሳምንታት ከግማሽ በታች የሚወርደው ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁኝ ነበር። መልሱን ለማግኘት ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ግንቦት የያዝኩትን ደብተር ገጽ በገጽ አነበብኩት። ስጀምር የቁጥሩ መውጣትና መውረድ የእኔ ብርታትና ስንፍና ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኛው ከምኖርበትና ከምሄድበት መንገድ የመጣ እንደሆነ አምናለሁ።

የተነሳሁት በሐኪም ምክር ነው። የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ስለተገኘ መራመድ እንዳዘወትር ተነገረኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነውና እኔም ይህንኑ ግብ አደረግኩ። ብዙዎቻችሁ እንጦጦን መክራችሁኛል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ያ ዳገት በእርግጥ ሳንባን ይፈትናል፤ ነገር ግን ከጀሞ ተነስቼ በወር አንዴ ብደርስ ነው፣ በወር አንዴ ደግሞ ግፊት አይወርድም። ስለዚህ ጉዞውን ከሥራ መንገዴ ጋር አያያዝኩት፦ ሜክሲኮ ከሚያደርሰኝ ታክሲ ሳር ቤት ላይ ወርጄ፣ በአፍሪካ ኅብረት በኩል ወደ 35 ደቂቃ የሚወስደውን ቀሪ መንገድ በእግሬ እሄዳለሁ።

በዚህ መስመር ላይ የከተማዋን የመንገድ ዳር የሚያድሰው የኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገዱን ካሰፋውና መብራት ከተተከለ ወዲህ በሄድኩባቸው ቀናት ደብተሬ በአማካይ 9,000 እርምጃ ያህል ያሳያል፤ በታክሲ በቀጥታ በሄድኩባቸው ቀናት ግን 4,000 እንኳ በጭንቅ ነው። ባለቤቴም ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ አብራኝ መራመድ የጀመረችው መብራቱን ካየች በኋላ ነው። ይህን ስጽፍ ግን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ትዝ ይለኛል። የቀድሞ ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ወደ ከተማዋ ዳር ሄደ፤ በፊት 20 ደቂቃ በእግሩ መጥቶ ይገባ የነበረው ሰው ዛሬ ጠዋትና ማታ በታክሲ ሰልፍ ቆሞ፣ ቀሪውን ሰዓት ተቀምጦ ያሳልፋል። እኔ ያገኘሁትን እርምጃ እሱ አጥቶታል።

ቤቴ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። 72 ደረጃ አለው፤ መስከረም ላይ ሁለተኛው ፎቅ ሳልደርስ የብረት መደገፊያውን ይዤ እቆም ነበር፣ ጥር ላይ ግን አስቤዛ ይዤ ሳላርፍ ወጣሁት። ግፊቴም በሁለት ተከታታይ ምርመራ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። ከዋናው መንገድ እስከ ብሎካችን ያለው ቦታ በአብዛኛው የእግረኛ መንገድ የለውም፤ ባለውም ላይ አሸዋና ድንጋይ ተከምሮበት እግረኛው ከመኪና ጋር ይጋፋል። ሚያዝያ ላይ በልግ ጥሎ ሲያመሽ፣ ውኃ የሸፈነው ክዳን የሌለው የፍሳሽ ቦይ ውስጥ ቀኝ እግሬ ገባ። ቁርጭምጭሚቴ ወለም ብሎ ሌሊቱን አብጦ አደረ፤ 19 ቀን ቤት ዋልኩ፤ የዚያ ጊዜ ቁጥሬም ያያችሁት ነው።

የጉዞ ሰዓቴንም ቀይሬያለሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ስሄድ የአሮጌ ሚኒባሶችና የጭነት መኪናዎች ጭስ በብርዱ አየር ውስጥ ሳይበተን ስለሚቆይ ጉሮሮዬ ይከረክር ነበር፤ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መሄድ ከጀመርኩ ወዲህ ሳሌ ቀንሷል።

እግሬ ከዳነ በኋላ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ከብሎካችን እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ እየሄድን ክዳን የሌላቸውን ጉድጓዶች ቆጠርን፤ 14 ሆኑ። ያሉበትን ቦታ ጽፈን ለሚመለከተው ክፍል አስገባን። እስካሁን ሦስቱ ተከድነዋል፤ ክረምቱ ሳይገባ ለቀሪዎቹ 11 በሚቀጥለው ሳምንት ደግመን እንሄዳለን።