ፈሳሹ መቼ ይቁም?

በሴፕሲስ (ሰውነት ለኢንፌክሽን በሚሰጠው ከልክ ያለፈ ምላሽ የአካል ክፍሎች ሲጎዱ) የደም ግፊቱ የወረደ ሰው አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ሲገባ ሁሉም በቃሉ የያዛት ቁጥር አለች፦ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ 30 ሚሊ ሊትር በኪሎ። 60 ኪሎ ለሚመዝን 1800 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት (የተለመደው የጉሉኮስ ከረጢት ዓይነት የጨው ፈሳሽ) ነው። ጉዳት የሚመጣው በመሃል ማንም በሽተኛውን ሳያየው ከረጢት በከረጢት ሲተካ ነው።

በ2017 ከሉሳካ የወጣው ጥናት አስደንጋጭ ነበር። ፈሳሽና የግፊት መድኃኒት በፕሮቶኮል ቶሎና በብዛት ከተሰጣቸው አዋቂዎች 48.1 በመቶ ሞቱ፤ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ደግሞ 33 በመቶ። አብዛኞቹ ኤችአይቪ ነበረባቸው፣ የአይሲዩ አልጋም እንደ ልብ አልነበረም፤ ስለዚህ ውጤቱ እንዳለ ለሁሉም አይሠራም። ለጥንቃቄ ግን ይበቃል።

ለካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን ለማሳደግና ለመለየት፣ ደም ቀድተው (በጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር) አንቲባዮቲኩን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀምሩ። ፈሳሹን 500 ሚሊ ሊትር ሰጥተው ቆም ይበሉ። ላክቴት (ደም በደንብ ሳይደርስ ሲቀር በደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር) የሚለካ ላብራቶሪ ከሌለ ጣት አለ። የቀኝ ጠቋሚ ጣትን ጫፍ በውስጥ በኩል እስኪነጣ ተጭነው 10 ሰከንድ ይያዙ፣ ከዚያ ይልቀቁ። ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ደም በደንብ እየደረሰ አይደለም። በየ30 ደቂቃው ይደገማል። እጁ በብርድ የቀዘቀዘ ወይም ጣቱ ሂና የተቀባ ከሆነ ያሳስታል፤ መብራትም ያስፈልጋል። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ኦክስጅኑ ከወረደ ወይም ሳንባው ሥር መንጫጫት ከተሰማ ግን ጣቱ ምንም ቢል ፈሳሹ ይቁም።

ግፊቱ 85/45 ከሆነ አማካይ ግፊቱ 58 ገደማ ነው፤ የምንፈልገው 65 ነው። ኖርአድሬናሊን የተባለውን የግፊት መድኃኒት ለመጀመር ሴንትራል ላይን (ልብ አጠገብ ወዳለ ትልቅ ደም ሥር የሚገባ ቱቦ) እስኪገባ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ክርን ላይ ወይም ከክርን በላይ ባለ ጥሩ ደም ሥር ለጊዜው ይሰጣል። አምፑሉን ያንብቡ፦ 2 ሚሊ ግራም ታርትሬት (የመድኃኒቱ ጨው) ማለት 1 ሚሊ ግራም ቤዝ (መድኃኒቱ ራሱ) ነው። ይህን ያላየ ሰው የሚሰጠው ወይ እጥፍ ወይ ግማሽ ይሆናል። 4 ሚሊ ግራም ቤዝ በ50 ሚሊ ሊትር ከተበጠበጠ፣ ለ60 ኪሎ ሰው 0.1 ማይክሮ ግራም በኪሎ በደቂቃ ማለት በሰዓት 4.5 ሚሊ ሊትር ነው።

ኖርአድሬናሊን ከጠፋ አድሬናሊን ይተካዋል። አድሬናሊን ግን ራሱ ላክቴት ስለሚጨምር፣ ላክቴቱ ወጣ ተብሎ ሌላ ሊትር መስጠት የተለመደ ወጥመድ ነው።

የግፊት መለኪያው መድኃኒቱ በሚገባበት ክንድ አይታሰር። በተነፋ ቁጥር ፍሰቱ ይታገዳል፣ ሲለቅ የተጠራቀመው በአንዴ ይገባና ግፊቱ ይዘልላል። ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የገባችው ትንሽ ቱቦ) ዙሪያ ቆዳው ከነጣና ከቀዘቀዘ መድኃኒቱ ከደም ሥሩ ውጭ እየፈሰሰ ነው፤ ፓምፑን ያቁሙ፣ ካኑላውን ከመንቀልዎ በፊት የቀረውን በሲሪንጅ ይሳቡ፣ መድኃኒቱን በሌላኛው ክንድ ወዲያው ይቀጥሉ።